ሦስት ሰው በጨለማ ክፍል

አንድ ያላገባ ወንድና አንዲት ያላገባች ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ግማሽ ቀን ቢውሉ እናንተ ምን ትላላችሁ? እንዳትዋሹኝ። የጂንካ ሰውም ያንኑ ነው ያለው። ወሬው ከቤተ ሙከራው ግቢ ተነስቶ የድሮውን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጦ፣ ገበያውን ዞሮ፣ ባጃጅ ሳይሳፈር የሴቲቱ አባት ጋሽ ተገኝ ሱቅ ደረሰ። ሰው ለሥራ ሲላክ እንዲህ ቢፈጥን ኖሮ የት በደረስን።

ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደነበረ እኔው ልንገራችሁ። የፍየል አንጎል ነበር።

አዎ፣ የፍየል አንጎል። ዶክተር ልዑልቃል የእንስሳት ሐኪም ነው። ከቀይ አፈርና ከአልዱባ ከተሞች ወዲያ ባለው ቆላ የሚወለዱ አንዳንድ ግልገሎች የኋላ እግራቸው እየከዳቸው ይወድቃሉ፤ እሱ ለምን እንደሚወድቁ ይመራመራል። ውባየሁ ደግሞ አብራው የምትሠራ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። የሞተውን ግልገል አንጎል በሚያቀዘቅዝ ማሽን ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው ይቆርጡና መስታወት ላይ ያነጥፉታል። በነርቭ ሴል ውስጥ፣ እንደ ጎጆ ቤት ማገር የሴሉን ቅርጽ የሚይዙ የፕሮቲን ክሮች አሉ፤ በዓይን አይታዩም። መጀመሪያ እነዚያን ክሮች ብቻ ፈልጎ የሚይዝ፣ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያንጠባጥቡበታል። ቀጥሎ ያንን የመጀመሪያውን የሚይዝ፣ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ሁለተኛ አንቲቦዲ። ከዚያ በማይክሮስኮፑ ሰማያዊ መብራት ሲያዩት ክሩ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል።

ታዲያ ይህ ቀለም አንድ ክፉ ዐመል አለው። ፀሐይ ካየው ይደበዝዛል፣ ከቆየበት ጨርሶ ይጠፋል፣ ከጠፋም አይመለስም። መጋረጃው ለዚህ ነው። የተቀረቀረው በርም ለዚህ ነው። ይህን ግን ለጂንካ ማን ያስረዳ?

ውባየሁ ሠላሳ አልፏታል። እናቷ አልማዝ ከሞተች ወዲህ፣ በዋናው መንገድ ዳር ባለው ግቢ ከአባቷ ጋር ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባቷ ጋሽ ተገኝ የሚስማር፣ የቆርቆሮና የቀለም ነጋዴ ናቸው። የእሳቸው አባት ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ጎጃምን በስም እንጂ በእግራቸው ረግጠውት አያውቁም፣ ሆኖም «የእኛ ወገን» ማለት ይወዳሉ። ልዑልቃል የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን በዕድሜም በጸሎትም ይታለፍ ነበር። ነገር ግን እናቱ አለምነሽ ለብዙ ዓመት በጋሽ ተገኝ ግቢ ልብስ ያጠበች ሴት ናት። እሱም በልጅነቱ በጓሮ በር እየገባ፣ እናቱ አጥባ እስክትጨርስ እዚያ የተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። ውጭ ሀገር ተምሮ ዶክተር ሆኖ ቢመለስም፣ ለጋሽ ተገኝ ያው ግንዱ ላይ የሚቀመጠው የአለምነሽ ልጅ ነው።

የሁለቱ ፍቅር በዓይን አልጀመረም። እንደ ሌላው ሰው ቢሆን በዓይን ይጀምር ነበር፤ እነሱ ግን የሚተያዩበት ብርሃን አልነበራቸውም። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ አምፖል ጣት እንጂ ፊት አታሳይም። ስለዚህ በድምፅ ጀመረ።

«ታጠበ?» ይላታል።

«ሦስቴ ታጠበ ዶክተር።»

«እጅሽ በረደ?»

«እጄ ምን አገባው ከሥራው?» ትለዋለች። ፈገግ ማለቷ ግን በድምፅዋ ውስጥ ይሰማዋል።

አንድ ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ፣ «ውባየሁ፣ ነይ እዪ» አላት። ሄደች፣ ዓይኗን አስጠጋች። በዚያ ሁሉ ጥቁር ውስጥ ቀጫጭን አረንጓዴ ክሮች ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር። ውባየሁን ያስለቀሳት የክሮቹ ማማር አይደለም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤት ውስጥ «ነይ አምጪ»፣ «ነይ ስጪ»፣ «ነይ ዝጊ» ስትባል ነው የኖረችው። «ነይ እዪ» ያላት ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ደስ የሚል ነገር አይቶ ብቻውን ማየት አቅቶት እሷን ሲጠራ፣ ያኔ ብቸኝነቷ ምን ያህል እንደነበር ገባት። እንባዋን በጓንቷ ጀርባ ጠረገች። እሱ አላየም፤ ጨለማ ነው።

ሁለቱም ግን ምንም አልተባባሉም። «እወድሻለሁ» የሚባለው ቃል ለሌላው ሰው በአፍ ጫፍ ነው፤ ለእነሱ ጉሮሮ ላይ ቀረ። ጊዜውም አጭር ነበር። የጥናቱ ደጋፊዎች እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የጠሩ ፎቶዎች ካልደረሷቸው ማይክሮስኮፑም ዶክተሩም ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለሱ ጽፈዋል። አንቲቦዲውም ከጠርሙሷ ሥር ጥቂት ብቻ ቀርቷል። ውባየሁ ጠርሙሷን ከማቀዝቀዣው ባወጣች ቁጥር ልቧ ይፈራል። ፎቶው ካልመጣ ሰውየው ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ወደዚያ ዝም ወዳለው ግቢ ትመለሳለች።

ጋሽ ተገኝ ወሬውን የሰሙት ቆርቆሮ ሊገዛ ከመጣ ደንበኛ ነው፤ ደንበኛው የሰማው ከሙሉሽ፣ ከቤተ ሙከራው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ። ሙሉሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያየችውን ብቻ ነው ያወራችው። ያየችው ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ከተዘጋ በር በላይ ወሬ የሚወልድ ነገር የለም።

«በጨለማ ቤት ከአለምነሽ ልጅ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት ጠዋት፣ ሻዩ ሳይቀዳ።

«ሥራዬን።»

«ብርሃን የሚፈራ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

«ቀለሙ ነው የሚፈራው አባዬ። ፀሐይ ካገኘው ይጠፋል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ስሸጥ ኖሬያለሁ። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንጂ ሲጠፋ አላየሁም።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። የአባቷን ፊት ስታይ ግን ሳቁ እዚያው ደረቀ። ጋሽ ተገኝ የተናደዱ አልመሰሉም። የፈሩ ነው የመሰሉት። ለምን እንደሚፈሩ አልገባትም፤ እሳቸውም አልነገሯትም። ሻያቸውን ሳይጠጡ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

በሩ የተንኳኳው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሥራው ሁሉ አልቆ፣ መስታወቶቹ ፎቶ ሊነሱ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር። «ክፈቱ» የሚለው ድምፅ የአባቷ ነው። ከኋላቸው ሌላ ድምፅ፣ የዕድራቸው ዳኛ አቶ ጎሳዬ፣ «ቶሎ የማይከፈት በር ምክንያት አለው» ሲሉ ተሰማ።

«ቆይ፣ ልሸፍናቸው» አለች ውባየሁ በሹክሹክታ።

ልዑልቃል አልቆየም። በሩን ከፈተው። ይህም ሳይበቃው ሄዶ ጥቁሩን መጋረጃ ከዳር እስከ ዳር ሰበሰበው፣ መስኮቱንም በረገደው። የጂንካ ፀሐይ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋች።

«ይግቡ ጋሼ። እርስዎም ይግቡ አባቴ። ይቀመጡ።»

ወንበር አመጣላቸው። ሁለቱ ሽማግሎች ተቀምጠው ግድግዳውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ መሬቱን ሳይቀር ማየት ጀመሩ። ውባየሁ ብርሃን የሚከልለውን ፎይል ይዛ ወደ መስታወቶቹ ጠጋ አለች።

«ምንድን ነው የምትሸፍኚው?» አሏት አቶ ጎሳዬ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ልዑልቃልን አየችው። እሱም አያት። አብረው በሠሩባቸው ወራት በብርሃን ይህን ያህል ተያይተው አያውቁም፤ ዓይኖቹ ቡናማ መሆናቸውን እንኳ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። ተይው ማለቱ ነበር። ፎይሏን አስቀመጠች።

ልዑልቃል ተረጋግቶ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ግልገሎቹ፣ ስለ አንጎላቸው፣ ስለ ክሮቹ። ሽማግሌ ፊት አይቸኮልም፤ አቶ ጎሳዬ የጠየቁትን ሁሉ መለሰ፣ ሳይጠይቁ የቀሩትንም ጨመረላቸው። ፀሐይዋም አልቸኮለችም። ውባየሁ በፀሐይ የተጥለቀለቁትን መስታወቶች እያየች፣ የሠሩት ሁሉ በዓይኗ ፊት ሲያልቅ ቆመች።

ጋሽ ተገኝ ተነስተው አንዱን መስታወት በሁለት ጣት አነሱና ወደ መስኮቱ አቅንተው አዩት።

«ምንም የለበትም።»

«አሁን የለበትም ጋሼ» አለ ልዑልቃል።

«ከልጄ ጋርስ ምን አለህ?»

ውባየሁ መስታወቶቹን ትታ ወደ እሱ ዞረች። በልቧ «በል ተናገር» አለችው።

«ልጅዎ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሌላ ምንም የለም።»

አቶ ጎሳዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ተገኝ መስታወቱን መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ በሩ ተከፍቶ ይሠራ» ብለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ውባየሁ መስታወቶቹን አንድ በአንድ በማይክሮስኮፑ አየች። ጥቁር። ጥቁር። ሁሉም ጥቁር።

«አባቴን ስትፈራ አየሁህ» አለችው።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ።»

«ሌላ ምንም የለም አልክ።»

«ምን እንድል ፈልገሽ ነበር? በአቶ ጎሳዬ ፊት? ስምሽን…»

«ስሜን ለእኔ ተወው።» ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ወጣች። ሜዳውን አቋርጣ ወደ ቤት ስትሄድ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ፍየሎች ሣር ይግጣሉ፣ ሞተር ብስክሌቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። በሥራቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ መስታወት የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳያገኝ ይቀራል፤ ለማነጻጸሪያ ነው፣ ጨለማ ሆኖ መቅረት አለበት። ውባየሁ ያ መስታወት እኔ ነኝ ብላ አሰበች። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ሰው የሚያወራው ሰው ይፈልጋል። እሷ ግን አልነበራትም።

ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። ኩርፊያ ስላችሁ እንደ ሕፃን ፊት ማዞር አይደለም፤ በሥርዓት የተሠራ ኩርፊያ ነው። እሷ ቀድማ ገብታ ማሽኑን ታበራለች፣ እሱ ሲመጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ትሄዳለች። እሱም ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን አቮካዶ ዛፉ ሥር ይቀመጣል። በልቡ ያለውን ስንት ጊዜ ሊነግራት እንደተነሳ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን የምታየው ጀርባውን ነው። ከተማው በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ በእኩያ አንደበት በስሙ የሚጠራው ሰው የለውም። እሷም ብትሆን ስሙን የምትጠራበት ድፍረት ሳታገኝ ነው የተቀየመችው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም መልእክት ላከላት። መጀመሪያ እየጻፈ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ። ረጅም ነገር እየጻፈ ነው ብላ ስልኳን በሁለት እጇ ያዘች። የደረሳት ግን ይህ ነበር፦ «ለአንድ ዙር የሚሆን አንቲቦዲ አለ። የመጨረሻ እንሞክር። ለሥራው ብለሽ።»

ለሥራው ብለሽ። ይህን ቃል ደጋግማ አነበበችው። ሲጽፍ ሲያጠፋ የቆየውን ሁሉ ልኮልኝ በሆነ ብላ ተመኘች፤ የተሰረዘ ነገር አይነበብም። «እሺ» ብላ መለሰች። አንዲት «እሺ»። እሱም ያችን ባዶ «እሺ» አይቶ ስንት ሰዓት እንዳዘነ እሷ አላወቀችም። እንዲህ ነው የኛ ሰው፤ ልቡን ሁለት ፊደል ውስጥ ቀብሮ፣ ሌላው ቆፍሮ እንዲያገኘው ይጠብቃል።

«በሩ ተከፍቶ ነው?» አሏት ጋሽ ተገኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ልትወጣ ስትል።

«በሩ ከተከፈተ ሥራ የለም አባዬ።»

«እንግዲያው አይሠራ።»

ውባየሁ ለአባቷ መልሳ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ዞረች። «እንግዲያው አንተም ግባ። ከእኛ ጋር ተቀመጥ። ምን እንደምንሠራ አጠገባችን ሆነህ ስማ።»

«ሱቁንስ?»

«ዝጋው።»

ጋሽ ተገኝ ለቀብርና ለበዓል ካልሆነ ተዘግቶ የማያውቀውን ሱቃቸውን ዘጉት። ከልጃቸው ጎን ሜዳውን ሲያቋርጡ ያየ ሁሉ ዞሮ አየ። ሙሉሽም በመስኮቷ አየች፤ ለአንድ ጊዜ የምትለው ጠፋት።

የመጀመሪያው አንቲቦዲ ከትናንት ጀምሮ ሲሠራ አድሯል። የቀረው ማጠብ፣ ሁለተኛውን መስጠትና መጠበቅ ነው። ልዑልቃል ለጋሽ ተገኝ ግድግዳው ጥግ ወንበር አደረገላቸው፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ በሩን ቀረቀረ። ውጭ የሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

ጋሽ ተገኝ ጨለማው ውስጥ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። የጠበቁት ሹክሹክታ ነበር፣ የታፈነ ሳቅ ነበር። የሰሙት ሌላ ነው።

«ጓንት ተቀይሯል?»

«ተቀይሯል።»

«ጠርዙ እንዳይደርቅ።»

«ይታወቃል።»

«ውኃው እዚህ አለ።»

«ታይቷል።»

ስም የለም። አንተ የለም፣ አንቺ የለም። ሁሉም ነገር ራሱ በራሱ እየተቀየረ፣ እየታወቀ፣ እየታየ ነው። ጋሽ ተገኝ ይህን አነጋገር ያውቁታል። ሟች ባለቤታቸው አልማዝ ስትቀየማቸው እንዲህ ነበር የምታናግራቸው። «ምሳ ቀርቧል።» «ውኃው ሞቋል።» ሳምንት ሙሉ «አንተ» ሳትል፣ ግን ምሳው ቀርቦ፣ ውኃው ሞቆ። እንዲያ ተኳርፈው ሲታረቁ የነበረው ደስታ ትዝ አላቸው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚስታቸው ናፍቆት ሳያስቡት መጣባቸው።

«አሁን ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አሉ፣ ሁሉም እንቅስቃሴ ሲቆም።

«ሁለተኛው አንቲቦዲ የመጀመሪያውን ፈልጎ እስኪይዘው ነው ጋሼ። አንድ ሰዓት ይፈልጋል።»

«ሌላ የሚሠራ የለም?»

«የለም። መጠበቅ ብቻ ነው።»

ተቀመጡ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጥግ። ዝናቡ ብቻ ያወራል። ውባየሁ የሁለቱንም ትንፋሽ ትሰማለች፤ በዓለም ላይ የምትወዳቸው ሁለት ሰዎች በክንዷ ርቀት ተቀምጠው፣ እንደዚያች ሰዓት ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

«ተኳርፋችኋል» አሉ ጋሽ ተገኝ ድንገት።

ወንበራቸውን ወደ እነሱ ጠጋ አደረጉ።

«እኔ የመጣሁት መዋደዳችሁን ላረጋግጥ ነበር። እናንተ ደግሞ ተኳርፋችሁ ጠበቃችሁኝ። ከባዳ ጋር ማን ይኳረፋል?»

ዝናቡ ጋብ አለ። ልዑልቃል ከተቀመጠበት ሲነሳ ወንበሩ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ሌላ ምንም የለም ያልኩት ውሸት ነው። ፊትዎን ሳይ ዶክተርነቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፤ ግንዱ ላይ ተቀምጬ እናቴን የምጠብቅ ልጅ ሆንኩ። አሁን ፊትዎን አላይም። ስለዚህ ልናገር። ልጅዎን እወዳታለሁ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። ለእሷም አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ የሰሙት እርስዎ ነዎት።»

ውባየሁ አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች። እስከዚያ ድረስ ደስታ እንደዚህ ደረት የሚያሳምም መሆኑን አታውቅም ነበር። እንዲሰማት፣ እንዲያያት ፈለገች፤ የሆነ ነገር መናገር ነበረባት። ከአፏ የወጣው ግን «ሰዓቱ ደርሷል፣ ይታጠብ» የሚለው ነው። ከዚያ ደገመችው፦ «ይታጠብ ልዑሌ።»

አጠቡት። እጃቸው በቀይዋ አምፖል ሥር ሁለት ጊዜ ተነካካ፤ ሁለቱም አልሸሹም። ልዑልቃል የጤነኛውን ግልገል መስታወት ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ፤ ቀጥሎ የታመመውን። ሁለቱን እያቀያየረ አየ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይምጡ» አለ፣ ክንዳቸውን ይዞም መራቸው።

ጋሽ ተገኝ አጎነበሱ። አረንጓዴው ክር በአንድ በኩል ተጠቅልሎ፣ እንደተወሳሰበ ድር ሴሉ ውስጥ ተከምሮ አዩት። ምን እንደሆነ ሁሉንም አልተረዱም። እንዳለ ግን በዓይናቸው አዩ።

«ያን ቀን ምንም የለበትም ያልኩት መስታወት… እንዲህ ያለ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«ፀሐይዋ አጠፋችው?»

«አዎ።»

«አንተ ይህን እያወቅህ ነው መስኮቱን የከፈትከው?»

«መስታወት እንደገና ይሠራል ብዬ ነው ጋሼ። የሰው ስም ግን እንደገና አይሠራም። ለመሸፋፈን ጥቂት ደቂቃ ብንቆይ፣ አቶ ጎሳዬ ውጭ ያችን ደቂቃ ይዘዋት ይሄዱ ነበር።»

ውባየሁ ፈርቶ ነው የከፈተው ብላ ነበር። ፈርቶም ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ለእሷ ብሎ ነበር። ፍርሃትና መውደድ አብረው እንደሚኖሩ አላሰበችም። አሁን አለቀሰች፤ ተሰማም አልተሰማም ግድ አልነበራትም።

ጋሽ ተገኝ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። ጨለማው ውስጥ ባርኔጣቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፣ ልጃቸው አቀበለቻቸው።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ። «ሁለት ጊዜ እመልሳቸዋለሁ። ወጉ ነው፤ እንዳትቀየም። በሦስተኛው ይምጡ። እናትህም አብራ ትምጣ፤ ልጠይቃት የምፈልገው ይቅርታ አለኝ።» ባርኔጣቸውን አደረጉ። «እስከዚያ ሥራችሁን ጨርሱ። ብርሃን ሳላስገባ በበሩ እንዴት እንደምወጣ አሳዩኝ።»

ፎቶዎቹ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሱ፣ ጠርተውም ወጡ። ልዑልቃልና ውባየሁ መጋረጃውን ሲሰበስቡ ተያዩ። ያን ሁሉ ወር በድምፅ የተዋወቀ ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ እንደሚያፍረው አፈሩ። «ነገ» አላት፣ «ነገ» አለችው። ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። ሙሉሽ ከመስኮቷ እያየች ነበር፤ እናም እንድታይ ተዉአት።

ወደ ቤት ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ዝናቡ ያጠበው ተራራ አረንጓዴ ብሎ ነበር። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እራት አቀረበች፣ እጇን ታጠበች፣ ለእሳቸውም የእጅ ውኃ ይዛ ቀረበች። ጋሽ ተገኝ እጃቸውን አልዘረጉም።

«አንቺ ቀድመሽ ብይ።»

«ለምን አባዬ? አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። ልጁም ደህና ልጅ ነው፣ በእሱ አይደለም።» ወደ ዋናው መንገድ እያዩ ነበር። «ብቻዬን መብላት ልልመድ ብዬ ነው። ስትሄጂ እንዳይከብደኝ።»

ውባየሁ የእጅ ውኃውን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንጀራው በመካከላቸው ነበር፤ ሁለቱም ሳይቆርሱት ቀዘቀዘ።